እጅ የሚፈታው በተረኛው ሰዓት ነው

ልጆቼ፣ በደሴም ሆነ በወልዲያ፣ በመካነ ሰላምም ጭምር፣ ጀማሪ አዋላጆችን የማለማመድ ኃላፊነት ለተጣለባችሁ፤

የአምስት ቀን ሥልጠና ጥሩ ነው፤ አበሉም አይጠላም። ነገር ግን ሲወለድ አልተነፍስ ያለ ጨቅላ ሕፃን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማስተንፈስን ተምሮ የተመለሰ ሰው ወራት ሳይነካው ከቆየ እጁ ይረሳዋል። ስለዚህ መለማመጃውን አሻንጉሊት ተቆጣጣሪ ሲመጣ መታያ ብላችሁ ስቶር አትቆልፉበት። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይዋል፤ ፈረቃ ሲቀያየር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ስታሳዩ መጀመሪያ ምንም ሳትናገሩ በእውነተኛው ፍጥነት ሥሩት። ቀጥሎ እየቆራረጣችሁ፣ ምክንያቱን እየተናገራችሁ ድገሙት። በሦስተኛው ዙር ተማሪው ይናገር፣ እናንተ እሱ ያለውን ብቻ ሥሩ። ያልገባው ነገር የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ አስተማሪ ቸኩሎ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በመጨረሻ ራሱ ይሥራው።

ባጉ ጫፍ ላይ ያለው ማስክ አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ይሸፍናል፤ ዓይን ግን አይነካም። ቀኑ ለደረሰ ሕፃን 1 ቁጥር፣ ላልደረሰ 0 ነው። አንገት ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ከተቆለመመም፣ አገጭ ደረት ላይ ከወደቀም አየር አይገባም። ፍጥነቱ በደቂቃ 40 ትንፋሽ ገደማ ነው። ጀማሪ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ደረት አልነሳ ካለ ማስኩን እንደገና መግጠም፣ አንገትን ማስተካከል፣ አፍና አፍንጫን ማጽዳት፣ አፍን በትንሹ መክፈት። ጠንከር አድርጎ መጭመቅ የመጨረሻው ነው። ከዚያ የሚጀምር ሰው ሳንባ ሊጎዳ ይችላል፤ ማስኩ ያሾለከውን አየርም በጉልበት አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። የጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ክፍሉ ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሙቅ፣ ሁለት ደረቅ ጨርቅ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ የረጠበው ወዲያው ይነሳ።

ተማሪው ሲሳሳት እኛ ወሎዬዎች ይሉኝታ ይይዘንና «አብሽር፣ ጥሩ ነው» ብለን እናልፋለን። ይህ ደግነት ምንም አያስተምረውም። «ማስኩ በግራ በኩል ያሾልካል፤ ጣትህን ወደ አገጩ አውርድ» በሉት። በእናትየዋ ፊት ግን አትቆጡት።

ባጉ ሲታጠብ ይፈታል፤ ሲገጠም ቫልቩ (አየሩን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሳልፈው ክዳን) ከተገለበጠ አየሩ ወደ ሕፃኑ አይደርስም። ስለዚህ ተረኛው ሥራ ሲረከብ ማስኩን መዳፉ ላይ አጥብቆ ገጥሞ ይጭመቅ። ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን የሚለቀው ቫልቭ ሲከፈት ይሰማል። ካልተሰማ፣ ወይም ባጉ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተነፋ፣ ያ ባግ ከጠረጴዛው ይነሳና ሌላ ይተካ።