«ሊቀ ጳጳስ»፣ «ቢሾፕ» ወይስ «ኤጲስ ቆጶስ»?

ጥያቄ፦ የእንግሊዛዊውን የነገረ መለኮት ሊቅ የላንስሎት አንድሩስን (1555–1626 እ.ኤ.አ.) ታሪክ እየተረጎምሁ ነው። «የዊንቸስተር ሊቀ ጳጳስ» ብዬ ብጽፍ አንድ ወዳጄ «ቢሾፕ በለው» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉና «ኤጲስ ቆጶስ» ይበሉ።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ሀገረ ስብከት የሚመራው አባት ብዙ ጊዜ «ሊቀ ጳጳስ» ስለሚባል ጆሯችን ለምዶታል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ግን የሊቀ ጳጳስ መንበር ያላቸው ካንተርበሪና ዮርክ ብቻ ናቸው። አንድሩስ በ1605 በቺቸስተር፣ በ1609 በኢሊ፣ በ1619 በዊንቸስተር ተሾሙ፤ ሦስቱም የኤጲስ ቆጶስ መንበሮች ናቸው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ባንክሮፍት በ1610 ሲሞቱ ብዙዎች የጠበቁት አንድሩስን ነበር፤ ሹመቱ ግን ለጆርጅ አበት ሆነ። እርስዎ ገና በ1605 ሊቀ ጳጳስ ካደረጓቸው፣ እዚህ ምዕራፍ ላይ የደረሰ አንባቢ «ታዲያ ምን ቀረባቸው?» ማለቱ አይቀርም።

«ኤጲስ ቆጶስ የኦርቶዶክስ ነው፤ ለአንግሊካን ቢሾፕ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ቃሉ የግሪክ ነው፦ «ኤፒ» ላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች። «ቢሾፕ»ም ያው ቃል ነው፤ በላቲን በኩል ሲያልፍ ራሱም ጅራቱም ተቆርጦ ቀረ እንጂ። እኛ ድምፁን ጠብቀን አከፋፈሉን አበላሸን፤ «ስ» የሁለተኛው ቃል መነሻ ናትና «ኤጲ ስቆጶስ» መባል ነበረበት። ይህን ዛሬ አርሙ ብል ግን የሚሰማኝ የለም።

ካነሣነው ዘንድ «ሊቀ ጳጳስ» ራሱ ይቆረቁረኛል። ሊቀ ካህናት፣ ሊቀ መላእክት፣ ሊቀ መዘምራን ስንል ዘርፉ፣ ማለትም ከ«ሊቀ» ቀጥሎ የሚመጣው ስም፣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ጳጳስ ብቻውን ለምን ይነጠላል? «ሊቀ ዲያቆን»ን ጠቅሶ የሚሞግተኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እሱም አይጥመኝም። ለካንተርበሪው እኔ «ሊቀ ጳጳሳት» እላለሁ። ቤተ ክህነቱም ጋዜጣውም በነጠላው ስለጸኑ፣ እርስዎ ከብዙኃኑ ጋር ቢሄዱ አልወቅስዎትም።

አንድሩስ በ1601 የያዙት የዌስትሚንስተር ደብር «ዲን»ነትም ያስቸግርዎት ይሆናል። ላቲኑ «ዴካኑስ» የአሥር ሰዎች አለቃ ማለት ነው፤ «አሥር አለቃ አንድሩስ» ቢሉ ግን ወታደር ያደርጓቸዋል። ደብር በአለቃ ይመራልና «የዌስትሚንስተር አለቃ» ይጥመኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን «ዲን»ን ካስለመዱት ወዲህ ግን ግራ የሚጋባበት የለም፤ ይሁን፣ «ዲን» ብለው ይጻፉት።