መልስ፦ ከአጭር ፊልም ፌስቲቫል የራስህን ሐሳብ ይዘህ ለመውጣት

«ፌስቲቫል ላይ አጫጭር ፊልሞች አይቼ ስወጣ ያየሁትን መኮረጅ ብቻ ነው የሚያምረኝ፤ እዚህ ጅማ ሆኜ የራሴ ሐሳብ ከየት ይምጣ?» ላልከው ወንድሜ። መኮረጅ ማማሩ ያለ ነው፣ አያስጨንቅህ። ግን ታሪኩን ተወውና አሠራሩን እይ። አጭር ፊልም በኦስካር ደንብ እስከ 40 ደቂቃ ይፈቀድለታል፣ ፌስቲቫል ላይ የምታያቸው አብዛኞቹ ግን ከዚያ በጣም ያጥራሉ፣ ስለዚህ ባለታሪኩን ቀስ ብሎ ማስተዋወቅ የለም፤ ገና ሲጀምር ችግሩ ውስጥ ነው። የት ጀመረ? ምኑን ሳይነግረን አለፈ? ከካሜራው ውጪ ምን ይሰማል? እኔ ደብተሬ ላይ የምጭረው ይሄንን ነው።

ከፊልሙ በኋላ ከሠሪዎቹ ጋር ጥያቄና መልስ ካለ ደግሞ በጭራሽ ጥለህ እንዳትወጣ። ብዙ ነገር እየጎደላቸው ፊልሙን እንዴት እንደተወጡት የምትሰማው እዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ጅማ ተመለስ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለጊዜው ተወው፣ ያምራል፣ ግን ካሜራ የያዘ ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚጠርብ አባትና ሙያውን የማይፈልግ ልጁ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ። በቃ፣ ፊልም ነው! የቡና ለቀማ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ሰዉ ሲሠራ የሚያወራውን ቁጭ ብለህ ስማ።

በስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት 1 ደቂቃ ነው። አምስት ገጽ ጻፍና ላክልኝ፣ ከልቤ አነበዋለሁ።