«ራሳችሁን ሳሉ ስላቸው ወረቀቱ ባዶ ይቀራል» ላሉት መምህር

ሰላም መምህር። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች የሥዕል ክበብ እንደከፈቱ፣ «ራሳችሁን ሳሉ» ሲሏቸው ግማሾቹ ከስልክ ላይ የተዋናይ ፊት እንደገለበጡ፣ የቀሩት ደግሞ ባዶ ወረቀት ይዘው እንደተቀመጡ ጽፈዋል። «ማንነታቸውን እንዲያዩበት ነበር የፈለግሁት፤ ምን ላድርግ? ውጤትስ እንዴት ልስጥ?» ላሉት፣ እዚሁ ጅማ ሥዕል ሳስተምር ካየሁት የምለው አለኝ። ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ።

መጀመሪያ ስለ ማንነት ማውራቱን ለጊዜው ይተዉት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ በተቀመጡበት «አንተ ማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ከእሱ የሚጠበቀውን ነው። መስታወት ሰጥተው «የግራ ቅንድብህ ከቀኙ በምን ይለያል?» ቢሉት ግን ከማየት ሌላ መንገድ የለውም። እኔ የማምነው ይህንን ነው፦ ልጁ ራሱን አስተውሎ ማየት ሲለምድ፣ ስለ ራሱ የሚናገረው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ቀድመን ከጠየቅነው የምናገኘው መፈክር ነው።

መስታወቱ ሄርማታ ገበያ የሚሸጠው ትንሹ የእጅ መስታወት ይበቃል። ከተቻለ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ይሁን፤ ለሁለት ሲይዙት አንዱ የሌላውን ፊት ማየት ይጀምራል፣ ከዚያ መተራረብ ነው። ስልክ አይፍቀዱ። ከቅርብ የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ወደኋላ ያሸሻል፤ ፊልተሩ ደግሞ ቆዳውን ያቀላዋል። «አፍንጫዬ ትልቅ ነው» የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ያመኑት ካሜራውን ነው። ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፤ አንዳንዶቹ ሲሰሙ በጣም ነው ቅልል የሚላቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ወረቀቱን ሳያዩ እንዲስሉ ያድርጉ። ዓይን መስታወቱ ላይ፣ እርሳስ ከወረቀቱ ሳይነሳ፣ ዓይን በሚሄድበት ፍጥነት እጅ ይከተላል። የሁሉም ሥዕል ተጣሞ ስለሚወጣ የሚያፍር አይኖርም። ልኬቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዓይን የሚገኘው የጭንቅላት ቁመት አጋማሽ ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ከፀጉር መስመር በላይ ያለውን ስለሚረሳ ዓይኑን ግንባር ላይ ይሰቅለዋል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ደግሞ አንድ ዓይን የሚያክል ቦታ አለ። ይህን ካወቁ በኋላ «የአንቺስ ከዚህ የሚለየው የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወሬው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ለሚገለብጡት ልጆች የእኩያቸውን ሥራ ያሳዩአቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1484፣ በ13 ዓመቱ፣ መስታወት እያየ ራሱን ስሏል፤ ሥዕሉ ዛሬም ቪየና በሚገኘው አልበርቲና ሙዚየም አለ። የሚታየው አንድ እጁ ብቻ ነው፤ ሌላው እጅጌው ውስጥ ገብቷል። «ለምን የደበቀው ይመስላችኋል?» ብለው ይተዉላቸው።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጆቹ በጣም የሚጎዱትም የሚደሰቱትም እዚህ ላይ ነው። የቀለም እርሳስ ፓኬት ውስጥ ያለው ቡናማ አንድ ወይም ሁለት ነው። የራሱን ቀለም ያጣ ልጅ ፊቱን ሮዝ ቀብቶ ያስረክባል። እኛ ግን ጅማ ነን፤ ቡና አለን። ቡናውን ያለ ስኳር ያፍሉት፣ እስኪወፍር ያንተክትኩት፣ በጨርቅ ያጥልሉት። ስኳር ከገባበት ጉንዳን ይወርሰዋል። ከዚያ በሦስት ሲኒ ይክፈሉት፦ አንዱ እንዳለ፣ ሁለተኛው በእኩል ውሃ የቀጠነ፣ ሦስተኛው ውሃ የሚመስል። ፊቱ በሙሉ በቀጭኑ ይቀባል፤ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ወረቀቱ እንደነጣ ይቀራል። ሲደርቅ መካከለኛው ከጉንጭ ሥርና ከአፍንጫ ጎን ይደረባል፤ ወፍራሙ ለዓይን ብሌን፣ ለአፍንጫ ቀዳዳና ለፀጉር ነው። ሳይደርቅ ከደረቡበት ይጨማለቃል። የደብተር ወረቀት ይኮማተራል፣ ወፍራም ወረቀት ይፈልጉ። ልጆቹ ሲኒዎቹን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለታቸው አይቀርም፤ «አንተ አቦል ነህ፣ እሷ በረካ» የሚል የቆዳ ቀለም ንጽጽርም ይከተላል። እዚያው ያቁሙት፤ የጠቆረውም የቀላውም ፊት ሦስቱንም ሲኒ እንደሚፈልግ በብሩሽ ያሳዩአቸው።

ሌላው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከተማችን ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት የሰው ፊት መሳል የማይፈቀድላቸው ልጆች አሉ። ማስገደድ ነውር ነው፤ ለብቻቸው ሌላ ሥራ መስጠትም ያስነጥላቸዋል። ምርጫውን ለሁሉም ይስጡ፦ ፊት፣ እጅ፣ ወይም ከቤት የመጣ አንድ ዕቃ። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ከትምህርት በኋላ አባቱን በርጩማ ሲጠርብ የሚያግዝ። ፊቱን አልስልም ብሎ ግራ እጁን ሳለ። አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን የመሮ ጠባሳ ደጋግሞ አጠቆራት፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን የእንጨት ብናኝ በነጥብ በነጥብ አወጣው። ስሙን አልጻፈበትም። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን የክፍሉ ልጆች የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ከቻሉ ጅሬን ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ጅማ ሙዚየም ይውሰዷቸው። የንጉሡን ዕቃዎች ሲያዩ «ስለ ባለቤቱ ምን ይነግሩናል? ምንስ አይነግሩንም?» ብለው ይጠይቁ። ዕቃ ለመሳል የመረጡት ልጆች ከዚያ በኋላ ምርጫቸውን ይቀይራሉ። ከሥዕሉ ሥር ቃል መጻፍ ለሚፈልግ ቋንቋውን አይወስኑበት፤ በኦሮምኛ የሚያስብ በኦሮምኛ ይጻፍ፣ ዳውሮኛም የምኛም ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት፦ ሥዕላቸውን አይተርጉሙ። «ዓይኑን አሳንሶ ሣለ፣ ዓይናፋር ነው ማለት ነው» አይበሉ። ጥቁር ያበዛ ልጅ አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። «የቱ ጋ ብዙ ቆየህ? የቱን ዘለልከው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ መመለስ ካልፈለገ ይተዉት። የሚያሳስብ ነገር በራሱ ካነሳ ግን ሥዕሉን ወደ ጎን ትተው ለብቻው ያነጋግሩት። ልጁ ሳይፈቅድ ደግሞ ግድግዳ ላይም ቴሌግራም ላይም አይለጥፉ።

ውጤቱን በመመሳሰል አይስጡ፤ እንደዚያ ከሆነ ድሮም እጁ የተፍታታ ልጅ ብቻ ነው የሚያገኘው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አሁን ለየት አድርጎ ያያቸውን ሦስት ቦታዎች ራሱ ይጠቁም፤ ማርኩን ለዚያ ይስጡ።