የታኅሣሥ የጓሮ እንግዶች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ከሰዓት ጥያቄ እቀበላለሁ። ወሬያችን በዚህ ብርድ ጓሯችን ብቅ ስለሚሉ የዱር እንስሳት ነው። በተለይ ስለ ወፍ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ኮተቤ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ ውሻችሁ ካስነጠሰ እኔን አትጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። የአይጥ መርዝ አታስቀምጡ። ዳቦ አትበትኑ። ይሄን ዛሬ አሥር ጊዜ እንደምደግመው ከወዲሁ አውቃለሁ።

ሜሪላንድ ነኝ፦ ጋሼ፣ «የክረምት እንግዶች» ቢባል አይሻልም ነበር? እዚህ እኮ በረዶ እየጣለ ነው።

መልስ፦ እዚያ ይጣላ። እዚህ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። አሁን በጋ ነው፤ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ። ሣሩ ይደርቃል፣ ኩሬው ይጎድላል፣ አውሬውም ወፉም ውሃና እርጥብ ነገር ፍለጋ ወደ ግቢያችን ይጠጋል። የአውሮፓ ወፎች ደግሞ የእነሱን ክረምት ሸሽተው እኛ ዘንድ ያሉት አሁን ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ልክ ነን። ቀጥሉ።

የሳሪሷ፦ የመስቀል ወፍ መስከረም ላይ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሣር ላይ ሞልታ ነበር። አሁን አንዷም የለችም። ወዴት ነው የምትሄደው?

መልስ፦ እሰይ! ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

የትም አትሄድም። አሁንም እዚያው ሣርሽ ላይ ናት። ያላወቅሻት ልብሷን ስለቀየረች ነው። ልብስ የምትቀይረውም እሷ ሳትሆን እሱ ነው። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት፤ ድንቢጥ ብለሽ ነው የምታልፊያት። ወንዱ ግን ዝናቡ ሲመጣ፣ የመውለጃ ጊዜው ሲደርስ፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ይለብሳል። መስቀል ሲደርስ አደይ አበባው ላይ ሆኖ ላባውን እየነፋ የሚያሽኮረምመው እሱ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፍና እንደ ሚስቱ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ከሌላው ጥሬ ለቃሚ ወፍ ጋር በመንጋ ተቀላቅሎ ይውላል።

ባለፈው ኅዳር አንዱን ቢጫ አጥሬ ላይ አገኘሁት። አንገቱ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቡናማ። ደረቱ ዥጉርጉር ብሏል። ሠርግ ቤት አድሮ ኮቱን የሆነ ቦታ ጥሎ የመጣ ሙሽራ ነበር የሚመስለው። አንድ ምልክት ልስጥሽ። ቢጫው ወንድ ልብሱን ካወለቀ በኋላም ወገቡ ላይ ያለው ቢጫ አይጠፋም። ስለዚህ ከዚያ ቡናማ መንጋ አንዱ ብድግ ሲል ወገቡ ላይ ቢጫ ብልጭ ካለ፣ እሱ ነው።

ሰው ብርቅ ሲሆንብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን። ወፏ ግን ዓመቱን ሙሉ ጎረቤታችን ናት፤ እኛ ነን በዓመት አንዴ የምናያት።

ጎጃሜው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የመስቀል ወፍ ቀይዋ ናት። ቢጫዋ ሌላ ናት።

ወሎዬዋ፦ ማን አለ? እኛ ጋ የመስቀል ወፍ የምንለው ጭራው ረጅሙን፣ ጥቁርና ነጩን ነው። ምንቃሩ ቀይ።

ጎጃሜው፦ እሱ ጭራ እንጂ ወፍ አይደለም።

ወሎዬዋ፦ አያቴ ከአንተ ትበልጣለች። እሷ ያለችውን ነው የምይዘው።

መልስ፦ ጨርሳችኋል? ሦስቱም የየአገሩ የመስቀል ወፍ ናቸው። ቀዩና ቢጫው ዘመዳሞች ናቸው። ባለ ረጅሙ ጭራ ሌላ ዘር ነው፤ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥሎ የሚያስፈለፍል ብልጥ ነው። ልብስ በመቀያየሩ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ባለ ጭራውም ወቅቱ ሲያልፍ ያን ጭራውን ይጥለዋል።

«የት ሄደች» ማለት ደግሞ የእናንተ ብቻ ጥያቄ አይደለም። አውሮፓም ስንት ዘመን ግራ ሲጋባ ኖሯል። ወፎቹ ክረምቱን ሐይቅ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ የሚል ሊቅ ሁሉ ነበር። በፈረንጆች 1822 ጀርመን አገር ክሉትዝ አካባቢ አንድ ሽመላ ተገደለች። አንገቷ ላይ ጦር ተሰክቷል። የአፍሪካ ጦር! ተወግታም ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ቤቷ ደርሳ ነበር። ወፎቹ የት እንደሚከርሙ ያኔ ነው አፍ የሚያስይዝ ማስረጃ የተገኘው። እሷን አድርቀው እዚያው ጀርመን ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጠዋታል። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ምዕራፍ 8 ላይ ቀድሞ ጽፎታል።

አዲስ ገበሬ፦ ጋሼ፣ ግቢያችን አንድ ትንሽ ግራጫ ወፍ ይመጣል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ትንሽ ግራጫ ወፍ ማለት የአዲስ አበባ ግማሽ ወፍ ነው። ምንቃሩ ቀጭን ነው ወፍራም? መሬት ላይ ነው ዛፍ ላይ? ጭራውን ምን ያደርገዋል? ጭንቅላቱ ላይ ምን አለ? አይተህ ተመለስ።

የጉለሌዋ፦ ሌሊት አጥራችን ሥር ጅብ ይጮኻል። ልጆቹ ፈሩ።

መልስ፦ ጅብ የእኔ ዘርፍ አይደለም። ቆሻሻና አጥንት ውጭ አታሳድሩ። ልጅ በጨለማ ብቻውን አይውጣ። በቃ።

ቡና ጠጪ፦ ጠዋት ጠዋት አንድ ጥቁር፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፍ አበባው ላይ ይመጣል። ባለቤቴ «ሃሚንግበርድ» ነው ትላለች።

መልስ፦ አይደለም። ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አኅጉር ውጭ በዱር አይኖርም። የእኛዋ በእንግሊዝኛ «ሰንበርድ» የምትባል ሌላ ዘር ናት፤ አበባ መምጠጡ ነው ያመሳሰላቸው። ያኛው አየር ላይ ቆሞ ይመጥጣል። የእኛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ጨብጣ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተዘቅዝቃ ነው የምትመጥጠው። ነገ ቡናህን ይዘህ እያት።

ጭራው መሐል ላይ ሁለት ረጅም ላባ ካለው ደግሞ በተከዜ ወንዛችን ስም የተጠራው ነው። ሳይንሱም «ታካዜ» ነው የሚለው። ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ከሰል ነው። ፀሐይ ስታገኘው ግን ደረቱ ሐምራዊ፣ ጭንቅላቱ እንደ ነሐስ ያበራል። እኔ ቤት አንድ ሬት አለች። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ መጣ። ቀዩን አበባ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ምንቃሩን እያስገባ ወጣ። ግንባሩ በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ ሌላ ወንድ መጣ። ያን ጊዜ ጸሎቱም ቁርሱም ቀረና አጥሩን ሦስት ጊዜ ዞረው ተሳደዱ። ለአንዲት ሬት!

ስለዚህ ሬት ትከሉ። ራስ ክምር ትከሉ። አሸንድዬ ካገኛችሁ ትከሉ። ቦታ ያለው ቆርች ይትከል፤ አገር በቀል ዛፍ ነው፣ ቀይ አበባው ላይ የማይመጣ ወፍ የለም። አጥር ሲከረከም አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ እስኪረግፍ ተዉት። በዚህ ወር አትክልተኛው መቀስ ሲይዝ እኔ ሆዴን ያመኛል።

ቡና ጠጪ፦ የስኳር ውሃ ብሰቅልስ?

መልስ፦ ሬት ትከል አልኩህ እኮ።

ሚጡ፦ እሺ ለሌሎቹ ወፎች ምን እንስጥ? ዳቦ?

መልስ፦ አላልኩም! ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ አያበላም። የተረፈው አይጥ ይጠራል። አይጥ ሲመጣ እናንተ መርዝ ትገዛላችሁ። ከዚያ ደግሞ እኔን ታናድዳላችሁ።

ውሃ ስጡ። በዚህ ወር ከእህል ውሃ ይበልጣል። የሸክላ ሰሐን ውሰጂ፣ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ውፍረት አይበልጥ። መሐሉ ላይ ድንጋይ አድርጊ፣ ትንንሾቹ እንዲቆሙበት። ድመት ከማትደበቅበት ቦታ አስቀምጪው። በየቀኑ ቀይሪው፣ አለዚያ ትንኝ ነው የምታረቢው።

ሜሪላንድ ነኝ፦ እኛ ጋ በረዶው ላይ አንድ ደማቅ ቀይ ወፍ ይቀመጣል። የመስቀል ወፍ ይሆን?

መልስ፦ አይሆንም። የአሜሪካ ወፍ አላውቅም።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እኔ ልመልስ። ካርዲናል ነው። የቨርጂኒያ ግዛት ወፍ ነው። ክረምትም አይሄድም፣ ቀይ ልብሱንም አያወልቅም። እኔ ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን ሱፍ እበትናለሁ፣ ይወደዋል። ሽኮኮዎቹ ደግሞ ብዙም አይነኩትም።

ሜሪላንድ ነኝ፦ ሱፍ ፍትፍት የሚሠራበትን ሱፍ? ዋጋውን ታውቃለህ?

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ በጾም ወቅት አልሰጠውም።

መልስ፦ ወደ ጓሮአችን እንመለስ።

የኮተቤ ልጅ፦ በየማለዳው አምስት ስድስት ሆነው ጣሪያ ላይ እንደ ሰካራም የሚስቁ ትልልቅ ወፎች አሉ። እንቅልፍ ነሱን። እንዴት እናባርራቸው?

መልስ፦ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ፣ ጉሮሮው ሥር ትንሽ ቆዳ የተንጠለጠለ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለው ነው? ብዙ ሰው ጋጋኖ ይለዋል። ይሄ ወፍ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። እሱን ለማየት ፈረንጅ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ይመጣል። አንተ እንቅልፍ ነሳኝ ትላለህ።

ሣርህ ላይ ሲወርድ አጥርህ ሥር ቁጭ ብለህ እየው። ምንቃሩን እስከ ሥሩ መሬት ውስጥ ይሰካና ጆሮውን እንደሚያቀና ሰው ዝም ይላል። ከዚያ ነጭ፣ ወፍራም፣ የአውራ ጣት የምታህል የጥንዚዛ እጭ ይዞ ይወጣል። ያቺ እጭ የሣርህን ሥር ስትበላ የነበረች ናት። በነፃ እየሠራልህ ነው። አታባርረው።

አዲስ ገበሬ፦ ጋሼ፣ ካሮቴን ከታች እየጎተተ የሚወስድ ነገር አለ። የአፈር ክምር ትቶልኝ ይሄዳል። ጭስ ልልቀቅበት?

መልስ፦ ፍልፈል ነው። ዘመኑን ሁሉ ሥር እየበላ መሬት ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። ባሌ ተራራ ላይ ትልቁ ዘመዱ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው፤ ኮተቤ ግን ቀይ ቀበሮ የለም፣ እኔና አንተ ነን ያለነው። መደቡን ስትሠራ ከሥሩ የሽቦ መረብ አንጥፍ። ጭስና መርዝ አይሆንም። ወፏንስ አየሃት?

አዲስ ገበሬ፦ ገና ነኝ።

ወሎዬዋ፦ ከቤታችን በላይ ባለው ዛፍ ጉጉት ገብቷል። እናቴ «ይቆረጥ» እያለች ነው። ሲጮኽ ሰው ይሞታል ይባላል።

ጎጃሜው፦ እኛ ሠፈር ጮኾ በሳምንቱ ሰው ሞቷል። ቀልድ አይደለም።

የኮተቤ ልጅ፦ ሳይጮኽስ የሞተ የለም?

ጎጃሜው፦ አንተ በእንቅልፍህ ተጨነቅ።

መልስ፦ ተዉ። ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ እሱ የሚገድለው አይጥ ነው።» አንድ የጉጉት ቤተሰብ ዛፉ ላይ ካለ ለአይጥ ገንዘብ አታወጡም። እዚህ ላይ ነው መርዙን የማነሳው፣ በደንብ ስሙኝ። ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጡ በበላበት ቀን አይሞትም። ቀናት ይቆያል። እየደከመ፣ እየተንገዳገደ፣ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር አደባባይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን አይጥ ማን ያነሳዋል? ጉጉት። ጭልፊት። ድመታችሁ። መርዙም አብሮ ይሄዳል። የዛሬ ሦስት ዓመት ጎረቤቴ መርዝ አስቀመጠ። በአሥር ቀኑ የእኔ ጉጉት ከባሕር ዛፉ ሥር ወድቆ አገኘሁት። አፍንጫው ላይ ደም ነበር። እስከ ዛሬ ያ ዛፍ ባዶ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ አይጥ በዛ እያለ ያማርራል።

የሳሪሷ፦ ውይ፣ ያሳዝናል።

ሚጡ፦ እስስት መርዛማ ናት?

መልስ፦ አይደለችም። ዝንብ ነው የምትበላው። ተያት።

የጉለሌዋ፦ ዶሮዎቼን ሌሊት አንገታቸውን የሚቆርጥ አለ። ጅቡ ይሆን?

መልስ፦ ሸለምጥማጥ ይመስለኛል። የዶሮ ቤቱን በር ማታ ዝጊ። ቀዳዳውን በሽቦ ድፈኚ። ስለ ጅቡ ነግሬሻለሁ።

የኮተቤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ግቢያችን ትንሽ ቡናማ ወፍ…

መልስ፦ አልመልስም! ላይ ያለውን አንብብ።

አዲስ ገበሬ፦ ጋሼ፣ መጣሁ። አሁን አየኋት። ምንቃሯ ቀጭን ነው። መሬት አትወርድም፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው የምትሽሎከሎከው። ፍሬ ትበላለች። ገላዋ ግራጫ፣ አናቷ ላይ ግን ልክ እንደ ቆብ ጥቁር ነገር ደፍታለች። ሌላዋም አለች፣ የእሷ ቆብ ቡናማ ነው።

መልስ፦ ተባረክ! ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ባለ ጥቁር ቆቡ ወንዱ ነው፣ ባለ ቡናማዋ ሴቷ። የአገር ልጆች አይደሉም፤ ከአውሮፓ ወይም ከዚያ ወዲህ ካለው አገር ነው የመጡት። አንዷ ብትመዘን 20 ግራም ገደማ ናት። በረሃውን አቋርጣ የአንተን ቁጥቋጦ መርጣለች። መጋቢት አካባቢ ትመለሳለች። እስከዚያ ያን ቁጥቋጦ እንዳትቆርጠው። ከመሄዷ በፊት ወንዱ መዝፈን ይጀምራል፣ ማለዳ መስኮትህን ክፈት።

ሌላ የመጨረሻ ጥያቄ አለህ?

አዲስ ገበሬ፦ የለኝም። ግን ጋሼ… ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ባለፈው ሳምንት ያስቀመጥኩት ነገር አለ።

መልስ፦ መርዝ?

አዲስ ገበሬ፦ ለአይጡ ብዬ ነው።

መልስ፦ እዚህ ምን ትሠራለህ ታዲያ? ጓንት አድርግ፣ ሂድና አንሳው። እስክትመለስ ማንም ጥያቄ አይጠይቀኝም።