ስለ ገበጣ ለምትጽፉ ልጆች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ባህላዊ ጨዋታዎች ታሪክ ለሚደረገው ጉባኤ የጻፋችሁትን ረቂቅ የላካችሁልኝ ልጆች፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። በርቱ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ገበጣ የጥናት ርዕስ ይሆናል ያለኝ አስተማሪ አልነበረም። እናንተ ይዛችሁት አዳራሽ ስትገቡ ማየት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አብዛኛው ረቂቅ «ገበጣ የተፈጠረው እኛ ጋ ነው» ብሎ ይጀምራል። ማስረጃው ትግራይ ውስጥ ይሓ፣ ኤርትራ ውስጥ ደግሞ መጠራ በሚባሉ ጥንታዊ ቦታዎች የሚታዩት አለት ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ናቸው። ረጋ በሉ። አለት ላይ ያለ ጉድጓድ ዕድሜውን አይናገርም። ቦታው ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ጉድጓዱም ጥንታዊ ነው አይባልም፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ አንድ እረኛ ከብቱን እያገደ ፈልፍሎት ሊሆን ይችላል። ከአዳራሹ አንዱ እጁን አውጥቶ ይህን ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? አገራችሁን ስለምትወዱ እንደሆነ ይገባኛል። የምትኮሩበት ከፈለጋችሁ ሌላ አለ፤ በሦስት ረድፍ ጉድጓድ የሚጫወቱት ገበጣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይታወቅም። እሱን አጥኑልን።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለው የአጨዋወቱ ሕግ ነው። ሰሌዳ ይተርፋል፤ ሕጉ ግን ከተጫዋቹ ጋር ይቀበራል። ሰነት የሚባለው የጥንት ግብፆች ጨዋታ ሰሌዳው ከብዙ መቃብር ወጥቷል፤ ከንጉሡ ከቱታንክሃሙን መቃብር ሳይቀር። እንዴት ይጫወቱት እንደነበር ግን ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር ከነበረችው ከጥንቷ ኡር ከተማ የተገኘው የጨዋታ ሰሌዳ ግን ዕድል ቀናው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ177 ገደማ አንድ የባቢሎን ጸሐፊ ስለ ጨዋታው በሸክላ ጽላት ላይ ጽፎ ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ኢርቪንግ ፊንከል ጽላቱን አነበበ፤ ጨዋታውም እንደገና ሰው እጅ ገባ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ነው።

የእኛ ሰንጠረዥም፣ የአገራችን ቼዝ ማለቴ ነው፣ ነገሩ ይኸው ነው። የመኳንንት ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት የትግራይ ገዥ በነበሩት በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ሲጫወቱት አይቷል። አጀማመሩ ከየትም አገር ሰንጠረዥ ይለያል፤ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን በዝርዝር ከጻፉልን አንዱ ዋልተር ፕላውደን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ነው። በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አካባቢ ጥቃት ደርሶበት ሞተ፤ የጻፈው የታተመው በ1868 ነው። ዛሬ ሰንጠረዥን በዚያ ወግ የሚጫወት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቢሆንም ቆንስሉ የመኳንንት ቤት ገብቶ ስላየ አንድ ነገር ተረፈልን። የእረኛውን ገበጣ ማን ገብቶ ያየዋል?

የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያና አካባቢዋ ውስጥ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግበዋል። ከመቶ በላይ! ስለዚህ «የገበጣ ሕግ» ብላችሁ አንድ ገጽ ስትጽፉ የየትኛው መንደር እንደሆነ ንገሩን።

ጣና ባሕር ዳር ዘጌ፣ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ፣ ሁለት አባቶች ዛፍ ጥላ ሥር መሬት ምሰው ሲጫወቱ አይቻለሁ። አንደኛው ጠጠሩን ሲያፍሱ አይቆጥሩም። መዳፋቸው ላይ አንዴ ነቅነቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ ዓይናቸው ቀድሞ የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበት ጉድጓድ ላይ ነው። መሀል ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። የመጨረሻዋ ባዶ ጉድጓድ ከገባች ፊት ለፊቷ ያለውን ትበላለች ወይስ አትበላም? አንደኛው ከባሕሩ ማዶ የመጡ ናቸው፤ «እኛ ጋ አትበላም» አሉ። የዘጌው ሰው ሳቁ። «እዚህ ትበላለች፤ አባቴም እንዲሁ ነው ያስተማረኝ።» እንግዲህ ጥናት ማለት እዚያ ጋ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ከነመንደራቸው መጻፍ አለባቸው።

ስለዚህ መጠይቅ ይዛችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉና ተጫወቱ፤ ተሸነፉ። «ሕጉ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹን ነው የምትሰሙት፤ ሌላውን እጅ ነው የሚያውቀው። አስፈቅዳችሁ ስልካችሁን ከላይ ወደ ታች አድርጉና እጃቸውን ቅረጹ። ማን አስተማራቸው? በየትኛው ወቅት ይጫወቱ ነበር? ሴቶች ይጫወታሉ? ይህን የመጨረሻውን ወንዶቹን ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትጽፉ፤ እናቶችን ራሳቸውን ጠይቁ። ከረቂቆቻችሁ ውስጥ አንዲት እናት ያናገረ አላየሁም፤ ይህ በጣም ቅር አሰኝቶኛል። የቀረጻችሁትን ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ለቤተሰቡ ስጡ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ይሆናል።

በመጨረሻ አዘጋጆቹን የምትጠይቁት አለ። እንግዳ ምሁር ሲመጣ አበልና ሆቴል ይያዝለታል። ያስተማሯችሁ አባትና እናትም ይጋበዙ፤ የጀልባውም የምሳውም ይከፈልላቸው፤ ከፊት ወንበር ይሰጣቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸው ጽሑፋችሁ ላይ ይግባ። ከተሰጣችሁ 20 ደቂቃ ስላይዱን በ10 ጨርሱና የቀረውን እነሱ ይጫወቱበት፤ ታዳሚው ዙሪያቸውን ቆሞ ይይ፣ ይጠይቅ። የጀልባውን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩና ተራችሁን ከዚያ በኋላ አስይዙ።