ከ61 ዓመት አባት ጋር ስሜን ተራራ፦ ለኮምቦልቻው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። «ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው፤ አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን አንዳንዴ ያመዋል። ሁለታችን ብቻ ዕቃችንን ተሸክመን ስሜን ተራራ ላይ አራት አምስት ቀን በእግር መጓዝ እንፈልጋለን። እህቶቼ አባታችንን ልትገድለው ነው አሉኝ፤ የሄደ ሰው ካለ ይምከረኝ» ብለህ የጻፍከውን አነበብኩ። «ሐይቅ ወስደህ ዓሣ አብላቸው ይበቃል» የሚሉህ ስለበዙ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ አባቴን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ስሜን ወስጄዋለሁ። ያኔ 64 ዓመቱ ነበር። ይቻላል። እኔ የሠራሁትን ስህተት ግን አትድገመው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በዚያ መስመር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ግራ ጉልበቱን «ፍሪሲዮን በላው» ይላል። ደም ግፊትም አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ሐኪም ዘንድ ሄደን ከፍታው ስንት እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምንሄድ መንገር ነው። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ነገረው። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በእኔ ቦርሳ፣ ግማሹን በእሱ ኪስ አደረግኩት። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል።

ከዚያ ለሦስት ወር በየሳምንቱ እሑድ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ወጣን። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሳንደርስ ተመለስን፤ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ እሱ ግን በሚቀጥለው እሑድ ከእኔ ቀድሞ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ጠበቀኝ። ለእናንተ የጎፍ ደን አጠገባችሁ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ፣ ስትጠነክሩ ሐረጎን ወጥታችሁ ወደ ጦሳ ኑ። ልብ ማለት ያለብህ ነገር ጉልበት የሚታመመው ሽቅብ ሲወጣ ሳይሆን ቁልቁል ሲወረድ መሆኑን ነው። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከጦሳ ስንወርድ እኔ እየዘለልኩ ስወርድ ጠራኝና «ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፣ በማርሽ ነው» አለኝ። እርምጃውን በጣም አሳጥሮ፣ ጉልበቱን ትንሽ ዕጥፍ አድርጎ፣ ዱላውን ከፊቱ እየተከለ ነበር የሚወርደው። ስሜን ላይ የእኔ ጉልበት ሲታመም የእሱ አልታመመም። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ዱላ ያዙ፣ ለየራሳችሁ። ጫማም አዲስ ገዝታችሁ በዚያው አትሂዱ፤ ቢያንስ ሁለት ወር እዚሁ አድርጋችሁት እግራችሁን ይልመድ።

አሁን ወደ ስህተቴ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች «እኛ የደጋ ሰዎች ነን» ብዬ ተዘናጋሁ። ጎንደር አድረን በማግስቱ ጠዋት ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገብን፣ ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) እና በቅሎ ያዝን፣ በዚያው ቀን በመኪና ሳንካበር የሚባለው የድንኳን ማደሪያ ገባን። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሳንካበር 3,250 ነው። በማግስቱ ጂንባር ወንዝ ድረስ ወርደን እንደገና ሽቅብ ጊች ወደሚባለው ማደሪያ ወጣን፤ ጊች 3,600 ነው። መንገዱ ለእኔ ሠርግ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ሲነጩ መሃላቸው እየተራመድክ አያዩህም። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል። እኔ ፊት ፊት፣ አባቴ ከስካውቱ ጋር ኋላ። በየግማሽ ሰዓቱ ዞር ብዬ «አባ፣ ደከመህ ወይ?» እላለሁ፤ «ምን ይደክመኛል፣ ቀጥል» ይላል። እኔም አመንኩት።

ማታ ሽሮ ቀረበልን። አባቴ ሽሮ ትቶ አያውቅም። ሁለት ጉርሻ ጎረሰና ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «አንተ ብላ፣ ልጅ ነህ» አለኝ። ጋቢውን ተከናንቦ እሳቱን እያየ ዝም አለ። እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። ስካውቱ ነው በቀስታ ጠቅ አድርጎኝ «አባትህ የጫማቸውን ክር አልፈቱም፣ ማጎንበስ አቅቷቸው ነው፤ ራሳቸውን ይዟቸዋል» ያለኝ። ሄጄ «አባ፣ ራስህን ያምሃል?» አልኩት። «ብርዱ ነው» አለኝ። ደግሜ ብጠይቀው ያንኑ እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። እኔንም ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ትንሽ ይዞኝ ስለነበር «እኔን ራሴን እያመመኝ ነው፤ ነገ መንቀሳቀስ የምችል አይመስለኝም፣ እዚሁ እንዋል» አልኩት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲህ ካልክስ እኔንም ከሳንካበር ጀምሮ ይዞኛል» አለኝ። ወላሂ፣ ሙሉ ቀን ራሱን እያመመው ነው ተከትሎኝ የመጣው።

ከዚያ ቀን በኋላ «ደከመህ ወይ» ብዬ ጠይቄው አላውቅም። «እኔ ደክሞኛል፣ እንቀመጥ» ነው የምለው። ያንተም አባት እንዲሁ ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ ልጃቸው ጓግቶ ሲያዩ ደስታውን ላለማበላሸት ይችሉታል። ስለዚህ ፊት አትሂድ። እሳቸው ይምሩ፣ አንተ ከኋላ ሁን። ምግብ ሲተዉ፣ ወሬ ሲቀንሱ፣ ውሃ ሲዘነጉ ያኔ ዕወቅ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከታየ በዚያ ቀን ከፍ አትበሉ፤ እዚያው ዋሉ፣ ካልተሻላቸው ውረዱ። ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ወይም ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ነው። ለከፍታ ሕመም ዳያሞክስ የሚባል መድኃኒት ያወሩልህ ይሆናል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ያለ ሐኪም አትስጣቸው።

እኛ ጊች አንድ ቀን ሙሉ አረፍን። ሻይ፣ በሶ፣ እንቅልፍ። በሦስተኛው ጠዋት ተነሥቶ ድንኳኑ ላይ ያደረውን በረዶ በጥፍሩ እየፋቀ ስለ ዳሎል ሙቀት ሲያወራ ሰማሁት፤ ያኔ ዳነ አልኩ። የእናንተ ግን ከመጀመሪያው ይስተካከል፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኛም የባሰ ዝላይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደሴ ዘመድ ካላችሁ ጥቂት ቀን ክረሙ፣ ከዚያ ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ (ደባርቅ 2,850 ያህል ነው)፣ ከዚያ ሳንካበር፣ ከዚያ ጊች ሁለት ሌሊት።

ዕቃ ራሳችን እንሸከም ያልከውን ተወው። በቅሎ ተከራዩ። አንተ ቦርሳ መሸከም አምሮህ ከሆነ ተሸከም፣ እሳቸው ግን ውሃና ጋቢ ብቻ። አባቴ ይህን አልቀበልም ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ባዶ እጅ መሄድ እንደ ሽማግሌ መቆጠር መሰለው። የሻዩን ፔርሙስ ሰጠሁትና «ይህ ያንተ ኃላፊነት ነው፣ መቼ እንደምንጠጣ አንተ ትወስናለህ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ዕረፍቱን የሚያዘው እሱ ሆነ። በየሰዓቱ እያስቆመ አንድ አንድ ኩባያ ይቀዳልን ነበር፤ ስካውቱም ወደደው።

ከጊች ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ፣ ከዚያ በእናትዬ ጫፍ በኩል ጨነቅ ወደሚባለው ማደሪያ የሚኬድበት ቀን ከሁሉም ከባዱ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ትወጣና 3,620 ላይ ትወርዳለህ። ሰባት ስምንት ሰዓት ይባላል፣ እኛን ወደ ዐሥር ፈጀብን፤ በጨለማ ተነሥተን ስለነበር ግን ሳይመሽ ገባን። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ከጊች ወደ ሳንካበር ተመልሳችሁ በመኪና ጨነቅ ግቡ፤ መንገድ አለው። የቧሂትን ተራራ እኛ ትተነዋል፣ አልቆጨንም።

ጨነቅ ላይ ያየሁትን ግን ልንገርህ። አባቴ ሌሊት ተነሥቶ በሞቀ ውሃ ዉዱእ አድርጎ ሱብሂ ሰገደ። ቂብላው ከዚያ ወደ ሰሜን ስለሆነ ፊቱ ያለው ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ወዲያ እስከ ዓይን ማረፊያ ቆላ። ሰግዶ ሲጨርስ አልተነሣም። ፀሐይ ወጥታ፣ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ በአንድ እየወጡ አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ መስገጃው ላይ ተቀምጦ ቆየ። እኔ ድንኳን በር ላይ ሆኜ አየሁት እንጂ አልጠራሁትም። በኋላ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ስለ አሰብ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ያልነገረኝን ሲነግረኝ ከወረታ ወልድያ ደረስን።

ስንቅ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ስኳር። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ሌሊቱ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ከዜሮ በታች ይወርዳልና ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ክረምት ግን አትሞክሩት፤ ጭቃውና ጭጋጉ ለወጣትም አይሆንም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። እኛ የሄድነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። አሁን ከመነሣታችሁ በፊት ከወልድያ እስከ ጎንደርና ደባርቅ ያለውን መንገድ በቅርብ ቀን የሄደ ሰው ጠይቁ፤ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትም ደውላችሁ አረጋግጡ። አይሆንም ካሏችሁ ዘንድሮን በጦሳና በቦሩ ሜዳ በኩል እስከ ኩታበር ሄዳችሁ ዘመድ ቤት እያደራችሁ አሳልፉት፤ ስሜን የትም አይሄድም።

ሁለት ስሊፒንግ ባግ ቤቴ አለ፣ መግዛት አያስፈልግህም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ደሴ ስትወጣ ትወስዳለህ። የሰማያዊው ዚፕ እየተያዘ ያስቸግራል፤ እሱን አንተ ተኛበት፣ አረንጓዴውን ለአባትህ ስጣቸው።