ክሩን ከፍ ባደረግን ቁጥር ድስቱ ለምን ይጠቁራል?

ባለፈው እትም ስለ ምድጃ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁኝ! ደብዳቤው ከጠበቅኩት በላይ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ስለ ላምባ ምድጃ። ነገሩ ይገባኛል። መብራት መጥፋት ሲያበዛ፣ ከሰልም ሲወደድ፣ ከአልጋ ስር ተረስታ የኖረችው ባለ ክር ምድጃ ትወጣለች፣ አቧራዋ ይራገፋል፣ ላምባ ይሞላባታል፣ ከዚያ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። አንዳንዶቻችሁ ቡታጋዝ ትሏታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ የነጭ ጋዝ ምድጃ። ሲሊንደር ያለውን ጋዝ አይደለም የማወራው፣ በፓምፕ የሚነፋውን ፕሪመስም አይደለም። ክር ያላትን ነው። በሉ እንጀምር።

*ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ሆጤ ነው። ባለ 10 ክር ምድጃ በቅርቡ ገዛሁ። እሳቱ ቢጫ ነው፣ ድስቴንም አጠቆረብኝ። ደከም ሲልብኝ ክሩን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ለጊዜው ይነሳና ከዚያ ጭራሽ ይብሳል። ምድጃ ሻጩ «ላምባው ነው» ይለኛል፣ ላምባ ሻጩ «ምድጃው ነው» ይለኛል። ማንን ልመን?*

እግዜር ይመስገን እህቴ። ማንንም አትመኚ፣ እሳቱን እዪው። ምድጃሽ አየር አጥሮታል።

ላምባ ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም። ክሩ ጥጥ ነው፣ ላምባውን ከታች እየመጠጠ ያወጣዋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ያተነዋል፣ የሚነደው ያ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ አንዱ በሌላው ውስጥ በቆሙት ሁለት የተበሳሱ ክብ ቆርቆሮዎች መሃል ወደ ላይ ሲወጣ በቀዳዳዎቹ በኩል አየር እየገባ ይቀላቀለዋል። በደንብ ከተቀላቀለ እሳቱ ሰማያዊ ይሆናል። አየሩን የሚነፋለት ማራገቢያ የለም። የጋለው ወደ ላይ ሲሸሽ ቀዝቃዛውን ከስር ይስበዋል፣ ሥራው በሙሉ ይሄው ነው። አየሩ ካልበቃ ግን ላምባው ውስጥ ያለው ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ይቀራል። ድስትሽ ላይ የተለጠፈው ጥቀርሻ እሱ ነው። ቢጫው ቀለምም ከሱ ነው የሚመጣው፣ የጋለው የጥቀርሻ ብናኝ ነው እንዲያ የሚያበራው። ለኩራዝና ለፋኖስ ቢጫው ተፈልጎ ነው፣ ብርሃን ነዋ የምንፈልገው። ለወጥ ግን ምን ያደርግልናል?

አሁን ክሩን ከፍ ስታደርጊ የሆነውን አስቢው። ላምባውን ጨመርሽ። ቀዳዳዎቹ ግን ያው ናቸው፣ የሚገባው አየርም ያው። ለጊዜው እሳቱ ትልቅ ይመስላል፣ ግን ተጨማሪው ላምባ የሚሄደው ወደ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻው ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ አየሩ የባሰ ያንሳል፣ አንቺም ክሩን እንደገና ከፍ ታደርጊዋለሽ። እንዲህ እንዲህ እያለ ድስቱ ከሰል ይሆናል።

ሌላ ነገር አለ፣ ይሄኛውን ሻጩም ብዙ ጊዜ አያነሳውም። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አየር ጋር ስታነጻጽሪው በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። 1 ሊትር ላምባ አምሮበት እንዲነድ ደግሞ 12 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ባህሩ ዳር ላይ ይሄ 10 ሜትር ኩብ ያህል ነው፣ እኛ ጋ ግን ወደ 13 ይጠጋል። ምድጃዋን የሠራት ሰው ለቆላ አስቦ ከሠራት፣ ደሴ ላይ ስትወጣ እንደ ቆላ ሰው ትንፋሽ ያጥራታል።

እኔም ተበልቼበታለሁ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነጋዴው ለኩሶ ሲያሳየኝ ልክ እንደ ሰማይ ሰማያዊ የነበረች ምድጃ ገዛሁና 25 ኪሎ ሜትር ገደማውን ዳገት አውጥቼ ቤቴ ስለኩሳት ቢጫ ሆነችብኝ። በማግስቱ ተሸክሜያት ተመለስኩ። ነጋዴው ጋ ተጨቃጨቅን፣ እሱም ለኮሳት፣ ሰማያዊ! ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከፍታው ብቻ ነው አልልም፣ እሱ ክሩን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚለኩሳት፣ እኔ ደግሞ እስከ ጫፍ ድረስ ስቤ። ግን ክሩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ባወርደው ኖሮ የመኪናውንም ሂሳብ፣ ኀፍረቱንም ባተረፍኩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ለኩሺና 5 ደቂቃ ተዪው። ቆርቆሮው ገና ሳይግል አየር በደንብ አይስብም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቢጫ መሆኑ ያለ ነው፣ አትደንግጪ። ከጋለ በኋላ ክሩን ቀስ እያልሽ አውርጂው። ቢጫው ምላስ ጠፍቶ ሰማያዊው ቀለበት ብቻ ሲቀር እዚያው ላይ አቁሚው። እሳቱ ያነሰ ይመስልሻል። አብሽሪ፣ አይንሽ ነው የሚያታልልሽ፣ ሰማያዊው ነው ድስቱን የሚያሞቀው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ከኔ። ምድጃዋን የት ነው የምታስቀምጫት? ምንጣፍ ላይ ከሆነ፣ ወይ ቡና ሲፈላ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ላይ ከሆነ፣ ከስር የሚገባው አየር ተደፍኗል ማለት ነው። እሳት የማስነሳቱን ነገር ሳልጨምር። ደረቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸክላ ላይ አድርጊያት።

*ከሐይቅ ነው የምጽፈው። የኔ ምድጃ ግማሽ ጎኗ ሰማያዊ፣ ግማሽ ጎኗ ቢጫ ነው። አንዳንዴም ትንጣጣለች። ይሄ ምንድነው?*

መንጣጣቱ ውሃ ነው። ላምባ ከውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ውሃው መያዣው ስር ይተኛል፣ ክሩ ደግሞ ጫፉ የተነከረው እዚያው ስር ነው። ውሃ የጠጣ ክር ላምባ አይስብም። ላምባውን በሙሉ በደረቅ ግልጽ ጠርሙስ ገልብጠህ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ጠዋት ከስር መስመር ሠርቶ ታየዋለህ። የላዩን ብቻ ቀስ ብለህ ቅዳ፣ በንጹህ ጨርቅም አጥልለው። መያዣውንም ፀሐይ ላይ አድርቀው። (ላምባ በሃይላንድ የምታስቀምጡ ግን እባካችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ከልጅ እጅም አርቁት። ውሃ መስሎት የሚጠጣ ልጅ አለ። ከጠጣ አታስመልሱት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።)

ግማሽ ግማሽ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ምድጃዋ ራሷ አዘንብላ እንዳይሆን እይ። ቀጥሎ የተበሳሱት ሁለቱ ቆርቆሮዎች መሃላቸው ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከጠበበ እዚያ ላይ አየሩና እንፋሎቱ አይመጣጠኑም። ስትጸዳ ተነስተው በደንብ ሳይቀመጡ ቀርተው ይሆናል። ቀዝቃዛ እያለች ግራና ቀኝ ዞር ዞር ስታደርጋቸው ቦታቸው ላይ ጠብ ይላሉ።

ከዚያ ክሮቹን በሙሉ አውጣና ከጎን ተመልከት። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ከሆነ በሹል መቀስ አስተካክላቸው፣ ጫፋቸው ላይ የጠነከረውን ጥቁር ነገር ጨምረህ ቁረጠው። አንዳንድ ሰው ላምባው እስኪያልቅ አንድዶ ክሩን «ያጸዳል»። ያ ከብርጭቆ ቃጫ ለተሠራ ክር ይሆናል። የጥጥ ክር ግን አብሮ ይነድልሃል። አዲስ ክር ስትገዛም ቱቦው ውስጥ ጠበቅ ብሎ የሚገባ ይሁን። ከላላ በጎኑ ክፍተት ይቀራል፣ እሳትም በዚያ በኩል ወደ ላምባው ሊወርድ ይችላል።

ይሄ እሳቱን በሁለት ግድግዳ መሃል አድርጎ ከውስጥም ከውጭም አየር የማብላት ዘዴ ዛሬ የመጣ አይደለም። አሜ አርጋንድ የሚባል የጄኔቫ ሰው እ.ኤ.አ. በ1780 መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ክር ያለው መብራት ሠራ፣ አየር በመሃሉም በጎኑም ይገባል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አየር የሚስብ ቱቦ አደረገበት። ከድሮው ኩራዝ እጅግ የደመቀና ጭሱ ያነሰ ሆነ። የምድጃህ የውስጠኛው ቆርቆሮ የሱ የልጅ ልጅ ነው በለው።

*እኛ ወረኢሉ ነን፣ ነፋሱን ታውቀዋለህ። በረንዳ ላይ ስናበስል እሳቱ እየተጋደመ አስቸገረን፣ ዙሪያዋን በቆርቆሮ ከለልናት። አሁን ነፋሱ ቀረ ግን ትጨሳለች።*

አነቃችኋት እኮ! ሦስት ጎን ብቻ ከልሉ፣ ያውም ከምድጃዋ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ፣ ከስሩም ሦስት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ሙሉ በሙሉ ከከለላችኋት አየር ከማጣቷም ሌላ ላምባ መያዣዋ ይግላል። እሱ ከጭሱ የባሰ ነው።

*ወልድያ። መብራት ሲጠፋ በላምባ ምድጃ እንጀራ መጋገር እችላለሁ? ሞክሬ መሃሉ አረረ፣ ዳሩ አይን አላወጣም፣ ምጣዱም ጠቆረ።*

አይሆንም እትዬ። ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ምጣድ ሲጫንባት የተቃጠለው አየር መውጫ ያጣል። መውጫ ካጣ ደግሞ አዲሱ አይገባም። ለትልቅ ድስትም ያው ነው፣ እሳቱ የድስቱን ቂጥ ተጭኖ የሚልስ ከሆነ ቀዝቅዞ ጥቀርሻ ይሆናል። የድስት መቀመጫዋ ጣቶች ከተጣመሙ አቅኚያቸው፣ በእሳቱና በድስቱ መሃል ክፍተት ይኑር። እንጀራውን መብራት ሲመጣ ወይ በእንጨት።

*ተማሪ ነኝ፣ ደሴ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ብርዱ ከባድ ስለሆነ በሩን ዘግቼ፣ ስሩንም በጨርቅ ደፍኜ ነው የማበስለው፣ አብስዬም ለሙቀት ትንሽ አቆያታለሁ። ራሴን ያመኛል፣ ግድግዳውም ይረጥባል። ቤቱ ነው ችግሩ?*

ልጄ፣ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጨርቁን ዛሬውኑ አንሳው።

ከላይ ያልኩትን አስታውስ፣ 1 ሊትር ላምባ 13 ሜትር ኩብ አየር ይበላል። ያንተ ክፍል ከዚህ ብዙም አይበልጥ ይሆናል። አየሩ ሲያንስ እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ጉልበት መክዳቱ ከሱ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ ያልተነሳ ሰው ስንት አለ። ከሰል በዚህ ከላምባም ይብሳል፣ ስለዚህ «በቃ በከሰል ልለውጣት» እንዳትል።

የግድግዳው እርጥበትም ከቤቱ ላይሆን ይችላል። 1 ሊትር ላምባ ሲነድ 1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወዝ ሆኖ ይወርዳል።

ስታበስል መስኮት ክፈት፣ በሩንም ገርበብ አድርገው፣ ከታች የሚገባ ከላይ የሚወጣ አየር ይኑር። ለሙቀት ብለህ አታቆያት። ከመተኛትህ በፊት አጥፍተህ ወደ ውጭ አውጣት። ራስህን ካመመህ መጀመሪያ ራስህ ውጣ፣ ንጹህ አየር ላይ ቁጭ በል፣ ካልተወህ ጤና ጣቢያ ሂድና «ምድጃ አንድጄ ነበር» ብለህ ንገራቸው። ይሄን ካልነገርካቸው በጉንፋን መድኃኒት ሊሸኙህ ይችላሉ።

*ላምባው ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ጠብ ቢደረግበት እሳቱ ይጠራል ይባላል፣ እውነት ነው?*

በፍጹም! እንዳታደርጉት። የላምባ እንፋሎት በእሳት ለመያዝ ቢያንስ 38 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ቤንዚን በደሴ ብርድ፣ ከዜሮ በታች እንኳ፣ ይይዛል። ናፍጣ አይፈነዳም፣ ግን ክሩን በዝፍት ይደፍነዋል፣ ይከረፋልም። ምድጃዋ እየነደደች ወይ እንደጋለች ላምባ መጨመርም ያው ነው፣ አጥፍታችሁ ይቀዝቅዝ።

*ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው። አየር ካነሳት ቆርቆሮዎቹ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በምስማር አስፍቼ፣ ሌላም ቀዳዳ ጨምሬ ብበሳላትስ?*

እንዳንተ ያለ ጥያቄ እወዳለሁ። ግን ምስማሩን አስቀምጠው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር አየሩ በአንድ ቦታ ዘልቆ ይገባል፣ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ወደ ላይ የሚስበውም ጉልበት ይቀንሳል። ከብዙ ትናንሽ ቀዳዳ የሚገባ አየር ነው በደንብ የሚቀላቀለው። አንተ በመርፌ ወይ በቀጭን ሽቦ የተደፈኑትን ክፈት፣ መጠናቸው ላይ ሳትደርስ። መያዣው ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳም እያት፣ ከተደፈነች ላምባው ወደ ክሩ እንደልቡ አይመጣም።

መብሳት ካማረህ ግን ሌላ ሥራ ልስጥህ። የውጪውን ቆርቆሮ ቁመት በ3 ወይ በ4 ሴንቲ ሜትር የሚያስረዝም ቀለበት ከስስ ላሜራ ሥራለት፣ የድስት መቀመጫውንም በዚያው ልክ ከፍ አድርገው። ረጅም ጭስ መውጫ አየር የበለጠ ይስባል፣ ከፍታ ላይ የጎደለውን በዚህ ትንሽ ታካክሳለህ። ውጭ ላይ፣ አጠገብህ አሸዋ ይዘህ ሞክረው። በፊትም በኋላም በአንድ ድስት ልክ 1 ሊትር ውሃ ጥደህ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዝ። እናንተ ጋ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ከደሴ ሰው ሰዓት ጋ አታወዳድረው፣ እኛ 92 እንኳ ሳንደርስ ይፈላልናል። ደቂቃውን ጻፍልኝ፣ የድስቱንም ቂጥ በነጭ ወረቀት ጠርገህ ወረቀቱን ላክልኝ።